ከእምቦጭ የተሠራ ከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል? ሙከራዬን ልንገራችሁ፣ ምከሩኝ

የላብ_ሰው (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር አለ።

ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አካባቢ፣ ከዳርቻው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ እምቦጭ ለቅሜ አመጣሁ። ጭቃውን አጥቤ ስመዝነው 20 ኪሎ ሆነ። ጣሪያ ላይ አስጥቼው ሲደርቅ የቀረኝ ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ሌላው ሁሉ ውኃ ነበር።

ደረቁን የቀለም ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቄ ከደንኩት። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ በሳሁትና ጓሮ እሳት ላይ ጣድኩት። መጀመሪያ በቀዳዳዋ ነጭ እንፋሎት ወጣ። ቀጥሎ ጋዝ ወጣ፤ ክብሪት ሳስጠጋው ነደደ። ጋዙ ሲያልቅ አወረድኩትና ሳልከፍተው አደረ። ጠዋት ስከፍተው ጥቁር፣ ቀላል፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሰል ሆኗል። 350 ግራም ገደማ።

ከዚያ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አመጣሁ። ፒስተኑ እንዳይዝ ቫዝሊን ቀባሁት። አንድ ግራም ከሰል ከተትኩበት። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሃይላንድ ውስጥ ቀላቅዬ፣ የወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጫማ ካርቶን ውስጥ በሚገኘው ሲሊካ ጄል አሳልፌ አደረቅኩት። 50 ሚሊ ሊትር ሳብኩና ጫፉን ደፈንኩ። ሌላ ከሰል የሌለበት ሲሪንጅም ለማነጻጸሪያ አጠገቡ አስቀመጥኩ።

ባዶው ንቅንቅ አላለም። ከሰል ያለበት ግን ፒስተኑ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ገባ። በዓይኔ እያየሁት! ጋዙን ከሰሉ እየዋጠው ነው ማለት ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ነገሩ እውነት ነው ወይስ የሆነ ስህተት አለብኝ? እውነት ከሆነስ ይህን ሐይቁን የወረረ አረም እያጨድን አየሩን ማጽጃ ልናደርገው አንችልም?

መምህር_ጡረተኛ

ልጄ፣ መጀመሪያ እጅህ ይባረክ። ማነጻጸሪያ ሲሪንጅ ማስቀመጥህን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ይዘነጋታል።

ያየኸው ነገር አድሶርፕሽን ይባላል። ጋዙ ከሰሉ ውስጥ አልሟሟም። የከሰሉ ገጽ ላይ ተለጠፈ እንጂ። ከሰል ደግሞ ገጹ ከውጭ የምናየው ብቻ አይደለም። ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ነው። ቀዳዳው እንዲበዛ ጥሩ ተደርጎ የተሠራ ከሰል፣ አክቲቭ ካርቦን የሚባለው፣ አንዷ ግራም ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አላት። ከዚህም የሚበልጥ አለ። በፈረንጆች 2012 አሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ኤንዩ-110 የተባለ ቁስ በአንድ ግራም 7,140 ካሬ ሜትር ተለካ። 105 ሜትር በ68 ሜትር የሆነ የእግር ኳስ ሜዳ አባዝተህ እየው፤ ልክ ያንኑ ያህል ነው። አንድ ሙሉ ሜዳ፣ በአንድ ግራም ዱቄት ውስጥ።

የቀዳዳው ስፋት ግን ወሳኝ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል ወርዱ 0.33 ናኖሜትር ያህል ነው። እሱን አጥብቆ የሚይዘው ቀዳዳ ከአንድ ናኖሜትር ያነሰ ነው። ለምን ብትል፣ ሚኒባስ አስብ። ሰው ተጠጋግቶ ሲጫን መሀል የቆመው ሰው ምንም ሳይዝ ይጓዛል። ግራ ቀኙ ይደግፈዋል። ባዶ አውቶብስ ውስጥ ቢሆን ፍሬን ሲያዝ ይወድቃል። ሞለኪውሉም እንደዚያ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳዎቹ በሁለት ወገን ይስቡታል። ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የሚስበው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ያ የተጠቀምክበት ሲሊካ ጄልም የዚሁ ዘመድ ነው። እሱ የሚወደው ውኃን ነው። ሰዉ የተቦረቦረ ቁስ በእጁ ይዞ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይጥለዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊታችን ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ የእኛ አንድ ግራም ከሰል መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው አነስ ያለ ቢይዝ አትደንግጥ።

የዘጌ_ልጅ

መምህር፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። እኔ ጀልባ ነው የምሠራው። እምቦጭ ሞተር ላይ ሲጠመጠም ስንቴ በቢላ ቆርጬ አውጥቻለሁ። ያ የሚያንሳፍፈው እንደ ሽንኩርት ያበጠው ግንዱ ሲቆረጥ ውስጡ ስፖንጅ ነው። ደንገልም እንዲሁ ነው፤ ታንኳ የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ አይደል? ታዲያ ተክሉ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ካለው ለምን ማክሰል አስፈለገ?

መምህር_ጡረተኛ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ። ያ በዓይንህ የምታየው ቀዳዳ ለመንሳፈፍ ነው የተፈጠረው። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ያ ቀዳዳ እንደ ጣና ሰፊ ነው። ገብቶ ይወጣበታል፤ የሚይዘው የለም። የእንጀራን ዓይን ተመልከት። ዓይኑን ያወጣው ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሊጡ ሲቦካ የወጣው ጋዝ። እንጀራው ሲቀዘቅዝ ግን ጋዙ የለም፤ ዓይኑ ብቻ ነው የቀረው።

ሲከስል ነው ሌላው ዓይነት ቀዳዳ የሚመጣው። ሙቀቱ ውኃውንና ሬንጁን ያባርርና ካርቦኑ ይቀራል። የካርቦኑ ንጣፎች ደግሞ ሥርዓት ይዘው አይደረደሩም። ተዛንፈው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ስንጥቅ ነው ያ ጠባብ ቀዳዳ።

ኖራና_ሲሚንቶ

ሰላም። እኔ ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ። ሲሚንቶ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ክሩን የከፈትከው ወንድሜ፣ ሙከራህን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር እንዳያታልልህ እፈራለሁ።

ከሰሉን አጥበኸዋል? እምቦጭ ፖታሲየም በብዛት ያለበት ተክል ነው። ሲከስል አመዱ ከከሰሉ ጋር ይቀራል። አመዱ አልካሊ ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። አልካሊ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያገኝ ይዋሃደዋል። ከዚህ በኋላ ጋዙ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ መሆኑ ይቀራል፤ ሌላ ውሕድ ሆኗል። ሲሪንጁ ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ፒስተኑ ሁለቱም ጊዜ ይገባል። ልዩነቱ የሚታወቀው ልቀቅ ስትለው ነው። ቀዳዳ ውስጥ ያለው ትንሽ ሲሞቅ ወይም አየሩ ሲሳብለት ይወጣል። ከአመዱ ጋር የተዋሃደው እንደዚያ በቀላሉ አይወጣም።

ስለዚህ ከሰሉን ቀጭን አቼቶ ውስጥ አሳድረው። ከዚያ በውኃ ደጋግመህ አጥበው፤ ውኃው ጎምዛዛነቱ እስኪጠፋ። በደንብ አድርቀህ እንደገና ሞክር። ከተያዘ በኋላም አሙቀህ፣ አስወጥተህ፣ መልሰህ ሙላው። ሦስት አራት ጊዜ። የዚህ ሥራ ልቡ መያዙ ሳይሆን መልቀቁ ነው።

አክቲቭ ላድርገው ብለህ ኮስቲክ ፖታሽ የሚባለውን ኃይለኛ አልካሊ ይዘህ ጓሮ እንዳትገባ ደግሞ አደራህን። በ700 እና 800 ዲግሪ ነው የሚሠራው። በዚያ ሙቀት የፖታሲየም ብረት እንፋሎት ይወጣዋል። ውኃ ሲነካው ይነዳል። ፎስፎሪክ አሲድ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 500 ዲግሪ አካባቢ ይሠራል። ግን የታጠበበት ውኃ ወዴት ይሄዳል? ወደ ሐይቁ ከሄደ ፎስፈረስ ጨመርክበት ማለት ነው። ፎስፈረስ ደግሞ የእምቦጭ ቀለቡ ነው። አረሙን ለማጥፋት ብለን እንዳንቀልበው።

11ኛ_ክፍል

የኬሚስትሪ መምህራችን በፈረንጆች 2025 የኖቤል ሽልማት በዚህ ነገር ነው የተሰጠው ብለውናል። እውነት ነው? ከሰል ነው ያሸለማቸው?

መምህር_ጡረተኛ

ከሰል አይደለም፣ ልጄ። የብረት አተሞችና የካርቦን ሞለኪውሎች ተገጣጥመው የሚሠሩት ማዕቀፍ ነው። ባጭሩ ሞፍ ይሉታል። ቤት ስትሠራ ቋሚና ማገር እንደምታገጣጥመው ነው። ብረቱ መጋጠሚያው፣ የካርቦኑ ሞለኪውል ማገሩ። በመካከል ክፍሉ ባዶ ይቀራል። የማገሩን ርዝመት ስትለውጥ የክፍሉም ስፋት ይለወጣል። ከሰል ላይ ይህ አይቻልም። ከሰል እሳቱ የሰጠህን ቀዳዳ ነው የምትቀበለው።

ተሸላሚዎቹ ሦስት ናቸው። ሪቻርድ ሮብሰን ከሜልበርን፣ ሱሱሙ ኪታጋዋ ከኪዮቶ፣ ኦማር ያጊ ከበርክሌይ። ያጊ አማን ውስጥ ከፍልስጤም ስደተኞች ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በፈረንጆች 1999 ያወጣው ሞፍ-5 ነው ዓለምን ያስደነቀው።

እኔን የሚነካኝ የሮብሰን ነገር ነው። በፈረንጆች 1974 ለተማሪዎቹ የሞለኪውል ማሳያ ሊሠራ የእንጨት ኳሶች ያስበሳል። ዘንጎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ የት የት መሆን እንዳለበት ምልክት አድርጎ ለአናጢዎቹ ይሰጣል። ተሠርቶ ሲመጣ ኳሶቹን ሲገጣጥም ሞለኪውሉ ቅርጹን በራሱ ያዘ። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ቅርጹን ይወስነዋል። በእውነተኛ አተሞችስ እንዲህ ቢደረግ ብሎ አሰበ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያወጣው በ1989 ነው። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው! ለክፍል ማስተማሪያ ከተሠራ የእንጨት ኳስ የተነሳ ነገር ነው። መምህርህን እንዲህ ብለህ ንገራቸው።

ኖራና_ሲሚንቶ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ የእንጨት ኳሱን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞፍ ብዙ ነው፤ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ላይ የሚኖረው ግን ጥቂት ነው። ጭስ እርጥብ ነው። አብዛኛው የተቦረቦረ ቁስ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ አብረው ሲመጡለት ውኃውን ይመርጣል። ዜኦላይት የሚባለው ማዕድን ይህ ችግር በጣም አለበት። በፈረንጆች 1756 ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ክሮንስቴት ድንጋዩን ሲያሞቀው እንፋሎት ስለወጣው ነው በግሪክኛ የሚፈላ ድንጋይ ያለው። ውኃ እንደሚወድ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ካልፍ-20 የሚባለው ሞፍ ተፈላጊ የሆነው ለዚህ ነው። እርጥበት እያለም ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመርጣል። ሲሚንቶ ፋብሪካ ላይም ተሞክሯል።

ለምን ሲሚንቶ ብትሉ፣ 100 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ስታቃጥል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ነው የሚወጣው። ነዳጁን ሳይጨምር ነው ይህ። ማገዶውን በፀሐይ ብትተካው እንኳ ድንጋዩ የያዘው ጋዝ ከመውጣት አይቀርም። አገራችን ኤሌክትሪኩን ከውኃ ነው የምታገኘው፤ የጣናው በለስ ብቻ 460 ሜጋ ዋት ነው። ስለዚህ እኛ ዘንድ የሚያዝ ጭስ ፍለጋ ከሄድን መጀመሪያ የምንደርሰው ሲሚንቶ በር ላይ ነው።

ኖራ ደግሞ የለቀቀውን መልሶ ይወስዳል። ግድግዳ የተቀባ ኖራ የሚጠነክረው ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ነው። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ግንብ ላይ ያለው ኖራ ተመልሶ ድንጋይ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው።

የላብ_ሰው (ክሩን የከፈተው)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ምክራችሁን አንድ በአንድ አድርጌዋለሁ።

እህቴ ኖራና_ሲሚንቶ፣ ልክ ነሽ። ከሰሉ አቼቶ ውስጥ ሲገባ ተንጫጫ፣ አረፋ አወጣ። አመዱ ነበር ማለት ነው። አጥቤ ስመዝነው ክብደቱ በጣም ቀንሷል። አድርቄ ሲሪንጅ ውስጥ ስከተው ፒስተኑ አሁንም ገባ፤ ግን የመጀመሪያውን ግማሽ ያህል እንኳ አልገባም። የመጀመሪያ ቀን ደስታዬ አብዛኛው አመድ ነበር።

የገባው ግን እውነተኛ ነው። ፈትኜዋለሁ። ሲሪንጁን የፈላ ውኃ ውስጥ ሳስቀምጠው ፒስተኑ ተመለሰ። ባዶው ሲሪንጅም በሙቀት ትንሽ ተገፍቷል፤ ያኛው ግን ከዚያ በግልጽ በለጠ። ሳቀዘቅዘው ገባ። አራት ጊዜ አደረግኩት፤ አራቱንም ጊዜ እኩል ነው። ያልታጠበውን ስሞክረው ግን በመጀመሪያው ቀን የዋጠውን አብዛኛውን አልመለሰም። መልቀቅ ያልሽው አሁን ገባኝ።

ከሱቅ የተገዛ የውኃ ማጣሪያ አክቲቭ ካርቦንም ለማነጻጸሪያ ሞከርኩ። እሱ ፒስተኑን እስከ መጨረሻው ሊያደርሰው ምንም አልቀረውም። የእኔ ከሰል ከእሱ ጋር አይወዳደርም።

የከሰሉን ገጽ በትክክል ለመለካት ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልገኛል። የከብት ማዳቀያ ሠራተኞች በልዩ መያዣ ሲያመላልሱት አያለሁ፤ መለኪያ ማሽኑ ነው ያጣሁት። አንድ ተቋም ናሙናዬን ተቀብሎ አምስት ወር ካቆየ በኋላ ጠፍቷል አለኝ። ያ ነው ወደ ሲሪንጅ የመለሰኝ።

አዊ_ዲከረንስ

እኔ ከአዊ ነኝ። ከሰል ነው ሥራችን። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እንተክላለን፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጠን እናከስላለን፣ መሬቱን መልሰን እንዘራበታለን። ይህን ክር ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ስለ ጭሱ የተጻፈው ልክ ነው። እኛም የምናውቀው በጭሱ ነው። ነጭ ሲሆን ገና እርጥበቱ እየወጣ ነው። ሰማያዊና ስስ ሲሆን ደርሷል፤ ያኔ ቀዳዳውን ሁሉ በአፈር መድፈን ነው። ከዘገየህ አመድ ነው የምታገኘው።

እኔ የምጠይቀው፣ ከሰል ስንጭን ስናወርድ የሚቀር ድቃቂ አለ። ማንም አይገዛውም። ማሳ ዳር ይከመራል። ያ ድቃቂ ለዚህ ነገር አይሆንም? የዲከረንስ ከሰል ከእምቦጭ ከሰል ይሻላል ብዬ ነው፤ አመዱ ትንሽ ነው።

ኖራና_ሲሚንቶ

ወንድምዓለም፣ አንተ የጠየቅከው ጥያቄ ወደ ዋናው ሒሳብ አስገባኝ። ቁጭ ብዬ ልሥራው።

ጥሩ አክቲቭ ካርቦን አንድ ኪሎው በንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ 100 ግራም ያህል ይይዛል እንበል። ከዚህ የሚበልጥ አለ፤ ግን 100 እንያዝ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ 2.3 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ ባጃጅ ያቃጠለውን የአንድ ሊትር ቤንዚን ጋዝ አንዴ ለመያዝ 23 ኪሎ ከሰል ያስፈልጋል። የላብ_ሰው በነገረን መጠን 23 ኪሎ የእምቦጭ ከሰል ለማግኘት ከአንድ ቶን በላይ እርጥብ እምቦጭ ማጨድ አለብን። ለአንድ ሊትር!

ይህም ንጹህ ጋዝ ከሆነ ነው። የፋብሪካ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከ100 እጅ 15 ወይም 20 ነው፤ ሲሳሳ ከሰሉ የሚይዘውም ይቀንሳል። የውጭው አየር ውስጥ ያለው ደግሞ ከ10,000 እጅ 4 ብቻ ነው። እዚያ ላይ ተራ ከሰል ምንም አይዝም ማለት ይቻላል። አየር ላይ የሚሠሩት ውስጣቸው አሚን የሚባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል የተቀባ ቁሶች ናቸው። አይስላንድ ያለው ኦርካ የሚባለው ከአየር ጋዙን የሚይዝ ፋብሪካ በፈረንጆች 2021 ሲከፈት በዓመት 4,000 ቶን ለመያዝ ነው የታቀደው፤ ሙቀቱን ከመሬት ውስጥ እንፋሎት ያገኛል።

መልቀቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ያው አንድ ኪሎ ከሰል በቀን 10 ጊዜ ሞልቶ 10 ጊዜ ቢለቅ በዓመት 365 ኪሎ ያሳልፋል። አንዴ ሞልቶ የሚቀር ከሆነ 100 ግራም ነው፤ በቃ።

አሁን ወደ አንተ ድቃቂ ልምጣ። ከሰል ራሱ ምንድነው? ካርቦን ነው። ዛፉ ከአየር የወሰደው ካርቦን። አንድ ኪሎ ንጹህ ካርቦን 3.67 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። አመድ የበዛበት የእምቦጭ ከሰል እንኳ ግማሹ ካርቦን ቢሆን አንድ ኪሎው 1.8 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆዱ ይዟል። በቀዳዳው ከሚይዘው 18 እጥፍ! ያ ድቃቂ ካልነደደና አፈር ውስጥ ከገባ ለረጅም ዘመን እዚያው ይቆያል። እምቦጩ ግን ዳርቻ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ የያዘውን ሁሉ ይመልሳል፤ ከፊሉንም ሚቴን አድርጎ።

የጎጃምና የአዊ መሬት ኮምጣጣ አፈር ያለበት ነው። ገበሬው ኖራ እየገዛ ነው የሚያክመው። አመድ ያለበት ከሰል አሲዱን ይቀንሳል። እኔ አንተን ብሆን ያንን ክምር ማሳ ዳር አላስቀምጠውም። ከፍግ ጋር አደባልቄ አንድ መደብ ላይ እሞክረው ነበር፤ አጠገቡ ያልተደረገበት መደብ ትቼ።

እምቦጭ ከሆነ ግን አስቀድሞ መመርመር አለበት። ከውኃው ከባድ ብረቶችን የሚሰበስብ ተክል ነው። ምግብ የሚበቅልበት አፈር ላይ ሳይመረመር አይገባም።

አዊ_ዲከረንስ

እሞክረዋለሁ። ድንች ላይ ነው የምጀምረው።

የዘንዘልማ_እናት

ሰላም ልጆቼ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። የከብት እበት ባዮጋዝ አለኝ። እሳቱ ቡና ያፈላል፣ ወጥ ይሠራል። ግን ሽታው ያስቸግረኛል። የበሰበሰ እንቁላል ይመስላል። ምድጃውንም በላው፤ ዝጎ ተቦረቦረ። ይህ ከሰል ለእኔ የሚሆን ነገር አለው?

ኖራና_ሲሚንቶ

እትዬ፣ እንኳን ጠየቁ። የላብ_ሰው ጓሮ ያለው ከሰል የተፈጠረው ለእርስዎ ይመስለኛል።

የባዮጋዝ ትልቁ ክፍል ሚቴን ነው፤ የሚነደው እሱ ነው። ከመቶ ከ35 እስከ 40 የሚሆነው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ምድጃዎን የበላው ግን እሱ አይደለም። በጣም ጥቂት ሆኖ የሚመጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሽታውም የእሱ ነው። መርዝ ነው፤ ገንዳው በሚከፈትበት ጊዜ ራስዎን ወደ ውስጥ አያስገቡ፣ ልጅም አያስጠጉ።

ይህ ጋዝ አሲድ ነው። ስለዚህ አልካሊ አመድ ያለበት ከሰል በደንብ ይይዘዋል። ያን የላብ_ሰውን ያሳሳተውን አመድ አሁን እንፈልገዋለን ማለት ነው። ያልታጠበው ከሰል ለዚህ ይሻላል። ትንሽ እርጥበት ቢኖረውም ይረዳዋል እንጂ አይጎዳውም።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማውጣት ለእርስዎ የግድ አይደለም። እሳቱን ያሳሳዋል እንጂ ምድጃ አይበላም። ጋዙን ጨምቆ በሲሊንደር ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው ነው የሚያስፈልገው። እዚያ ላይ የታጠበና አክቲቭ የሆነው ካርቦን ሥራ አለው። ሁለት በርሜል ተደርጎ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይለቅቃል። ባሕር ዳር ዙሪያ ይህ ነገር ከየትኛውም ቦታ በፊት የሚሠራው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ጋዙ የተጠራቀመ ነው፣ አመድ የለበትም፣ ማሽኑ ትንሽ ነው።

የዘጌ_ልጅ

የተያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድስ የት ይገባል? ከለቀቀው በኋላ ማለቴ ነው። እንደገና አየር ላይ ከሆነ ልፋቱ ለምን?

መምህር_ጡረተኛ

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ከለስላሳ ፋብሪካ ጀምሮ የሚፈልገው አለ፤ ግን ጠርሙሱ ሲከፈት ተመልሶ አየር ነው። ለዘለቄታው የሚቀበለው ድንጋይ ነው። አይስላንዶች ጋዙን ውኃ ውስጥ አሟሙተው ባዛልት ድንጋይ ውስጥ ይልኩታል። በፈረንጆች 2016 ባወጡት ውጤት ከገባው ከ95 በመቶ በላይ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ድንጋይ ሆኗል። ባዛልቱ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው የሚያስረው።

ባዛልት የት አለ ብትል፣ የቆምክበትን ተመልከት። ጣና ሐይቅ የሆነው የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ስለገደበው ነው። ጢስ ዓባይ የሚወድቀውም ከዚያው ጥቁር ድንጋይ ላይ ነው። ጉድጓዱ፣ ውኃው፣ ጥናቱ ሌላ ነገር ነው፤ ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ድንጋዩ ግን አለ።

የላብ_ሰው (ክሩን የከፈተው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የመጣሁት አየር ላጽዳ ብዬ ነበር። አሁን የያዝኩት የእትዬን ምድጃ ነው።

ዛሬ ያልታጠበውን ከሰል ወንፊት ላይ ነፋሁት። ድቃቂው ቧንቧ ስለሚደፍን የስንዴ ቅንጣት የሚያህለውን ብቻ አስቀረሁ። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ጠቀጠቅኩት፤ ከላይና ከታች ጥጥ አድርጌ፣ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦ ገጠምኩለት። ሳሙና ቀብቼ ሳየው አያፈስም። ማድረቅና ማክሰሉን ግን ዳርቻው አጠገብ ነው የማደርገው። እምቦጩን ርቆ መጫን ፍሬውን ወደ ሌላ ውኃ መውሰድ ስለሆነ ከእንግዲህ በማዳበሪያ ይዤ ከተማ አልገባም።

እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ዘንዘልማ እመጣለሁ። ከመምጣቴ በፊት ከገንዳው ወደ ምድጃ የሚሄደው ቱቦ ስንት ጣት እንደሚወፍር ልጅዎ ለክታ ትጻፍልኝ።

የዘንዘልማ_እናት

ለክታዋለች፣ የእኔ ልጅ። አውራ ጣት የሚያህል ነው። ቡና አፍልቼ እጠብቅሃለሁ፤ በዚያው እሳት።